የመቅደላ እስረኞች ጉዳይ፤ የእንግሊዝ መንግሥት ዜጎቹን ለማስፈታት ያደረገው መላላክና ያልሠመረበት ምክንያት (1856–1860 ዓ.ም.)

መግቢያ

በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን በኢትዮጵያ ታስረው ስለ ነበሩት እንግሊዞችና ሌሎች አውሮጳውያን ብዙ ተጽፏል። ከእስራት ከወጡት ሰዎች መካከል ሆርሙዝድ ራሳም፥ ዶክተር ሄንሪ ብላንክና ሚሲዮናዊው ሄንሪ ስተርን ያዩትንና የደረሰባቸውን እያንዳንዳቸው በመጽሐፍ አውጥተዋል። በእኛም በኩል አለቃ ወልደ ማርያም የጻፉት የዐፄ ቴዎድሮስ ታሪክ አለ። ንጉሡ ለንግሥት ቪክቶሪያና ለራሳም በአማርኛ የጻፏቸው ደብዳቤዎችም ተሰብስበው ታትመዋል። ሆኖም አንባቢ ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ በልቡ የሚይዘው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ እነርሱም መልስ ያላገኘው ደብዳቤና የመቅደላው ጦርነት ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለፈው የአራት ዓመት መላላክ እንደ ዋዛ ይታለፋል።

እኛ በዚህ አጭር ጥናት የምንመለከተው ይህንኑ መካከለኛውን ጊዜ ነው። የተነሣንበትም ጥያቄ የሚከተለው ነው። ለእስራቱ ምክንያት የሆነው የደብዳቤው መልስ መቅረት ነው ከተባለ፥ መልሱ በ1858 ዓ.ም. ከንጉሡ እጅ ገብቷል፤ እስረኞቹም በዚያው ዓመት ሰንሰለታቸው ተፈትቶ ጣና ዳር እስከ ቆራጣ ድረስ መጥተው ነበር። ታዲያ ጉዳዩ በሰላም ሳያልቅ ሁለት ዓመት ተጎትቶ በጦርነት የተፈጸመው ስለ ምንድር ነው? በእኛ አስተያየት የነገሩ ቁልፍ የሚገኘው «ማን ይቅደም» በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። ሎንዶን «አስቀድሞ እስረኞቹ ይለቀቁ፤ ወዳጅነቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል» ትል ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ደግሞ «አስቀድሞ ወዳጅነቱ በሥራ ይታይ፤ የእስረኞቹ ነገር ከዚያ በኋላ ቀላል ነው» ይሉ ነበር። ከሁለቱ አንዱም አስቀድሞ እጁን ለመዘርጋት ሳይደፍር ዘመኑ አለቀ።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዘመን የምንቈጥረው በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው፤ የአውሮጳው ሲያስፈልግ «እ.አ.አ.» ብለን እናመለክታለን።

የእስራቱ መነሻ

ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር ጥብቅ ወዳጅነት የነበረው የመጀመሪያው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን በ1852 ዓ.ም. ጎንደር አጠገብ በሽፍቶች እጅ ወድቆ ቈሰለ። የጎንደር ነጋዴዎች ገንዘብ ከፍለው አስለቀቁት፤ ግን ከቍስሉ ሳይድን ሞተ። ንጉሡም ደሙን ተበቀሉ። ንግሥት ቪክቶሪያ ስለዚህ ውለታ ምስጋና የተቀረጸባቸውን ሽጉጦች በተተኪው ቆንስል በቻርልስ ዳንከን ካሜሮን እጅ ላከችላቸው። ካሜሮን ሽጉጦቹን ይዞ በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ በጎጃም ከንጉሡ ዘንድ ቀረበ።

ዐፄ ቴዎድሮስ በዚያ ጊዜ ሐሳባቸው ከአውሮጳ ነገሥታት ጋር በእኩልነት መላላክ ነበር። ስለዚህ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. አንዱን ደብዳቤ ለንግሥት ቪክቶሪያ፥ ሌላውን ለፈረንሳይ ንጉሥ ለሣልሳዊ ናፖሌዎን ጻፉ። ለንግሥቲቱ የጻፉት ቱርኮች የአባቶቻቸውን አገር ይዘው እንዳለቀቁላቸው የሚያስረዳ ነበር። መልእክተኞች ሊልኩ ቢፈልጉም የባሕሩን በር የያዙት ቱርኮች ስለ ሆኑ በሰላም የሚያልፉበትን መንገድ ንግሥቲቱ እንድታዘጋጅላቸው ለምነዋል። እንግዲህ የጠየቁት ጦር ወይም ገንዘብ አልነበረም፤ ለመልእክተኞቻቸው መተላለፊያና የክብር መልስ ነበር።

ደብዳቤው በየካቲት 1855 ዓ.ም. ሎንዶን ደረሰ። በዚያም ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ወደ ሕንድ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተመርቶ መልስ ሳይጻፍለት ተቀመጠ። ይህ እንዲያው የጸሐፊዎች ቸልተኝነት ብቻ አልነበረም። እንግሊዝ በዚያን ጊዜ የሕንድን መንገድ ለመጠበቅ ስትል ከቱርክና ከግብጽ ጋር መቀያየም አትፈልግም ነበር። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ምክንያት ጥጥ ስለ ጠፋም የፋብሪካዎቿ ዓይን በግብጽና በሱዳን እርሻ ላይ ዐርፎ ነበር። በቱርክ ላይ ክስ ለሚያቀርብ ክርስቲያን ንጉሥ ምን ብሎ መመለስ እንደሚገባ ስላልታወቀ ዝም ማለት ተመረጠ።

ይህ ዝምታ በንጉሡ ዘንድ ምን ተብሎ እንደሚተረጐም ያሰበ አልነበረም። ዐፄ ቴዎድሮስ ካሜሮን ደብዳቤውን ራሱ አድርሶ መልሱን ራሱ እንዲያመጣ ይጠብቁ ነበር። ካሜሮን ግን ደብዳቤውን በሌላ እጅ ልኮ እርሱ በቦጎስ በኩል ወደ ከሰላና ወደ መተማ፥ ጠላቶቻቸው ወደሚያዙበት አገር ሄደ። ያለ መልስ ሲመለስ ንጉሡ የደረሱበት መደምደሚያ «ከቱርኮች ጋር መክሮ መጣ» የሚል ነው። በዚያው ዓመት ማብቂያ ገደማ ከፈረንሳይ የመጣው መልስ ክብራቸውን የሚነካ ሆኖ ስላገኙት የፈረንሳዩን ቆንስል ለዣንን ከአገር አስወጡት። በጥቅምት 1856 ዓ.ም. ሚሲዮናዊው ስተርን ተገርፎ ታሰረ፤ ስለ ንጉሡ ትውልድ ዝቅ አድርጎ የጻፈው መጽሐፍም ወንጀሉን አከበደበት። በኅዳር ወር ለካሜሮን ከሎንዶን ወረቀት ቢመጣም የንጉሡ መልስ አልነበረበትም። ይልቁንም ካሜሮን ወደ ምጽዋ ተመልሶ እንዲቀመጥ የሚያዝ ነበር። በታኅሣሥ መጨረሻ 1856 ዓ.ም. ቆንስሉ በሰንሰለት ታሰረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናስተውል ይገባል። በአገራችን የቀድሞ ልማድ የባላባት ልጅ በንጉሥ እጅ መያዣ ሆኖ መቀመጡ የታወቀ የፖለቲካ ሥርዓት ነበር። መቅደላ ላይ እስከ 1857 ዓ.ም. ድረስ የሸዋው ልጅ ምኒልክ ራሳቸው በዚህ ሁኔታ ኖረዋል። በአውሮጳ ሕግ ግን ቆንስል የላከው መንግሥት አካል ስለ ሆነ እርሱን ማሰር መንግሥቱን እንደ መድፈር ይቈጠራል። ስለዚህ ያው አንድ ሰው ለአንደኛው ወገን መነጋገሪያ፥ ለሁለተኛው ግን ስድብ ነበር።

የራሳም መላክና በምጽዋ የቆየበት ዘመን

ካሜሮን ከእስር ቤት በስውር ባወጣት አጭር ወረቀት ለንጉሡ ደብዳቤ ተገቢ መልስ ሳይመጣ መፈታት እንደማይኖር አስታወቀ። ወሬው በ1856 ዓ.ም. መንፈቅ ላይ ሎንዶን ሲደርስ የተጣለው ደብዳቤ ተፈለገ። ንግሥት ቪክቶሪያም በግንቦት 1856 ዓ.ም. (እ.አ.አ. ግንቦት 26 ቀን 1864) የመልስ ደብዳቤ ፈረመች። ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ ሲቈጠር መልሱ አንድ ዓመት ከሰባት ወር ዘግይቷል።

ደብዳቤውን እንዲያደርስ የተመረጠው ሆርሙዝድ ራሳም በሞሱል የተወለደ፥ ዐረብኛ አቀላጥፎ የሚናገር፥ በነነዌ ፍርስራሽ ቁፋሮ ስሙ የታወቀና በዚያን ጊዜ በዐደን የእንግሊዝ ሹም ረዳት የነበረ ሰው ነው። ትልቅ መኰንን ወይም የታወቀ አምባሳደር አልነበረም። በእንግሊዝ አገር «ለንጉሥ የሚላክ ሰው ይህ ነውን?» ብለው የነቀፉ ነበሩ። ራሳም በሐምሌ 1856 ዓ.ም. ምጽዋ ደርሶ መምጣቱን ለንጉሡ በደብዳቤ አመለከተ። ከዚያ በኋላም ደጋግሞ ቢልክ አንድ ዓመት ሙሉ መልስ አላገኘም።

የራሳምን መቀመጥ ብዙዎች በስንፍና ቈጥረውበታል። እኛ ግን ሌላ አማራጭ የነበረው አይመስለንም። ያለ ንጉሡ ፈቃድ ቢገባ ካሜሮን የወደቀበት አደጋ ላይ ይወድቃል፤ ትቶ ቢመለስ ደግሞ እስረኞቹን መጣል ይሆናል። የእርሱ ትዕግሥት ሲፈተን በሎንዶን በኩል ሌላ ነገር መበላሸት ጀመረ። የእስረኞቹ ዘመዶች ጮኹ፤ ጋዜጦች ጻፉ፤ በምክር ቤቱም ጥያቄ ተነሣ። መንግሥት በ1857 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ራሳምን ትቶ ጊፈርድ ፓልግሬቭ የሚባል ሌላ መልእክተኛ ሾመ። ልክ በዚያው ወቅት፥ በነሐሴ 1857 ዓ.ም.፥ የዐፄ ቴዎድሮስ መልስ ለራሳም ደረሰ። መልሱ በመተማ በኩል እንዲመጣ የሚፈቅድ ስለ ነበረ ፓልግሬቭ ከግብጽ ሳያልፍ ቀረ።

ራሳም ከዶክተር ብላንክና ከመቶ አለቃ ፕሪዶ ጋር በጥቅምት 1858 ዓ.ም. ከምጽዋ ተነሥቶ በኅዳር መተማ ገባ። በጥር 1858 ዓ.ም. በዳሞት ከንጉሡ ፊት ቆመ።

ቆራጣ

በዳሞት የሆነው ነገር የራሳምን ተስፋ ከሚገባው በላይ አሞላው። ንጉሡ ደብዳቤውን ተቀበሉ፤ በካሜሮንና በሚሲዮናውያኑ ላይ ያላቸውን ቅሬታ ዘረዘሩ፤ ወዲያውም ስለ ወዳጃቸው ስለ ንግሥቲቱ ሲሉ እስረኞቹ ከመቅደላ እንዲለቀቁ አዘዙ። ራሳምን እንደ ክቡር እንግዳ ተቀብለው ብዙ ሺህ ብር ሰጡት፤ በቆራጣም አሰፈሩት። እርሳቸው ሰፈራቸውን በባሕሩ ማዶ በዘጌ አደረጉ። እስረኞቹ በመጋቢት 1858 ዓ.ም. ቆራጣ ደረሱ። ከዚህ ተነሥተን ስንመለከተው ጉዳዩ ያለቀ ይመስላል፤ የቀረው ወደ መተማ መውረድ ብቻ ነበር።

ግን አንድ ጕድለት ነበረ። በንጉሡ አስተያየት እስረኞቹ ሳይታረቁ ሊሄዱ አይገባም። በደላቸው ተነግሮ፥ ይቅርታ ጠይቀው፥ ንጉሡም ይቅር ብለው በፍቅር መለያየት አለባቸው። በደሉ በጽሑፍ ተልኮ በቆራጣ ተነበበ፤ እስረኞቹም ይቅርታ ለመኑ። ራሳም ይህ በቂ መሰለው። ንጉሡን የተገናኙ እንደ ሆነ ነገር እንደ ገና ይቀሰቀሳል ብሎ ስለ ሰጋ እስረኞቹ በአቋራጭ እንዲጓዙ፥ እርሱና ጓደኞቹ ብቻ ዘጌ ተሻግረው እንዲሰናበቱ ቈረጠ። ጥንቃቄው ከአንድ በኩል ሲታይ ትክክል ነበር። ከሌላው በኩል ግን «ፊቴን ሳያዩ፥ ሳይታረቁኝ፥ ቂማቸውን ይዘው ሊሄዱብኝ ነው፤ ከአገራቸው ሲደርሱ ጦር ያመጡብኛል» የሚለውን ጥርጣሬ አረጋገጠ።

በዚያው ሰሞን ደግሞ የእስረኞቹ ዘመዶች የላኩት ዶክተር ቻርልስ ቤክ በምጽዋ በኩል መጥቶ የልመና ደብዳቤያቸውን ለንጉሡ አስተላለፈ። አሳቡ በጎ ነበር። ነገር ግን የንግሥቲቱ መልእክተኛ በቆራጣ ተቀምጦ ሳለ ሌላ እንግሊዛዊ በሌላ በር ስለዚያው ጉዳይ ሲለምን ንጉሡ ምን ሊያስቡ ይችላሉ? ራሳም በኋላ በጻፈው መጽሐፍ የቤክን መምጣት ለነገሩ መበላሸት እንደ አንድ ምክንያት ይቈጥረዋል። ቤክ በበኩሉ ራሳምን ይነቅፋል። እኛ ሁለቱን ለማዳኘት አንሞክርም፤ አንድ መንግሥትና የዚያው አገር ሰዎች በሁለት አፍ መናገራቸው ግን ጉዳት እንዳለው ከዚህ እንማራለን።

ሚያዝያ 6 ቀን 1858 ዓ.ም. ራሳምና ጓደኞቹ ለመሰናበት ዘጌ ሲደርሱ ተያዙ። በአቋራጭ የተነሡትም ከመንገድ ተመለሱ። አስፈቺው ራሱ እስረኛ ሆነ።

የፍላድ ጉዞና በምጽዋ የቆሙት ሠራተኞች

ከዚህ በኋላ የንጉሡ ፍላጎት ግልጽ ሆነ። በጋፋት መድፍ የሚሠሩላቸው የአውሮጳ ሰዎች ቢኖሩም አብዛኞቹ በእጅ ሥራ የሠለጠኑ ሚሲዮናውያን እንጂ የመሣሪያ ሊቃውንት አልነበሩም። ንጉሡ ከእንግሊዝ የፈለጉት ባለሙያ ሠራተኞችንና ለሥራቸው የሚያስፈልጋቸውን መኪናዎች ነበር። ይህን የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፈው ለሚሲዮናዊው ለማርቲን ፍላድ ሰጡ። ሚስቱና ልጆቹ በመያዣነት ቀርተው እርሱ በሚያዝያ 1858 ዓ.ም. ወደ ሎንዶን ተነሣ።

ፍላድ በሐምሌ ወር ሎንዶን ገብቶ ያየውን ሁሉ ተናገረ፤ ከንግሥቲቱም ፊት ቀረበ። የእንግሊዝ መንግሥት ጥያቄውን አልናቀውም። በዐደን የእንግሊዝ ሹም የነበረው ኮሎኔል ሜሬዌዘር ሠራተኞቹን እንዲቀጥርና መኪናዎቹን እንዲገዛ ታዘዘ። አንባቢያን ይህንን ልብ እንዲሉት እንፈልጋለን፤ ምክንያቱም የእንግሊዝ መንግሥት ከጦርነት በቀር ምንም አላሰበም ማለት እውነት አይደለምና።

ይሁን እንጂ በሐምሌ 1858 ዓ.ም.፥ ፍላድ ሎንዶን ላይ የንጉሡን ጉዳይ በሚያስረዳበት በዚያው ወር፥ ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳምንና ጓደኞቹን ወደ መቅደላ ልከው በእግር ብረት አሰሯቸው። በዚያን ጊዜ አንድ ወሬ ከመቅደላ ሎንዶን እስኪደርስ ወራት ይፈጅ ስለ ነበር ሁለቱ ወገኖች የሚነጋገሩት ሁልጊዜ ካለፈው ሁኔታ ጋር ነበር። ንግሥቲቱ በመስከረም 1859 ዓ.ም. ለንጉሡ ደብዳቤ ፈርማ ፍላድ በጥቅምት ምጽዋ ሲደርስ ያገኘው ወሬ እስረኞቹ በብረት መሆናቸውን ነው።

አሁን «ማን ይቅደም» የሚለው ጥያቄ በግልጽ ቀረበ። ሎንዶን ሠራተኞቹና መኪናዎቹ ምጽዋ እንዲቆዩ፥ እስረኞቹ ባሕሩ ዳር ሲደርሱ ብቻ እንዲሰጡ አዘዘች። ንጉሡ በበኩላቸው ሠራተኞቹ ወደ ውስጥ እንዲገቡላቸው ጠየቁ። ሁለቱም ወገኖች ምክንያት ነበራቸው። ሎንዶን ቆንስሏን ለማስፈታት ራሳምን ልካ ራሳም ታስሯል፤ ሠራተኞቹን ብትልክ በተራቸው እንደማይታሰሩ ዋስ የሚሆን ማን ነው? ንጉሡም የመጀመሪያ ደብዳቤያቸው በሎንዶን ተጥሎ እንደ ኖረ ያውቃሉ። በእጃቸው ያለውን መያዣ ቢለቁ ቃሉ እንደሚፈጸምላቸው ዋስ የሚሆን ማን ነው? በአገራችን ሁለት የተጣሉ ሰዎች እንደዚህ ሲፋጠጡ በመካከላቸው የሚገባ ሽማግሌ ይፈለጋል። በዚህ ጉዳይ ግን ሁለቱም የሚያምኑት ሦስተኛ ወገን አልተገኘም። የተመረጡት ሠራተኞች ወራት በምጽዋ ሙቀት ከተቀመጡ በኋላ ከነመኪናዎቻቸው ተመለሱ።

በእኛ አስተያየት የጉዳዩ እውነተኛ መቍረጫ እዚህ ላይ ነው። ጉዳዩ በደብዳቤው መዘግየት ቢጀመርም የሰላሙ በር የተዘጋው ሰጪና ተቀባይ በምጽዋና በደብረ ታቦር መካከል ተራርቀው፥ አንዱ «አምጣ»፥ ሌላው «ልቀቅ» እያሉ ሲቀሩ ነው።

በዚህ ላይ የንጉሡ ጉልበት በየወሩ ይቀንስ እንደ ነበር መርሳት አይገባም። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋን ይዘዋል፤ ላስታ በዋግሹም ጎበዜ፥ ትግሬም በኋላ በደጃዝማች ካሣ እጅ ሆኗል። ንጉሡ በ1859 ዓ.ም. መጀመሪያ ጎንደርን አቃጠሉ። በእጃቸው የቀረው ከደብረ ታቦር ዙሪያና ከመቅደላ አምባ ብዙም አያልፍም። አገር እየከዳቸው ሲሄድ የእስረኞቹ ዋጋ በዓይናቸው እየጨመረ ሄደ። ስለዚህ ሎንዶን መጠበቋ ለእርቅ አልጠቀመም፤ የንጉሡ ድካም በጨመረ መጠን መያዣውን መልቀቅ ይበልጥ እየከበዳቸው ሄደ።

ማስጠንቀቂያውና ጦርነቱ

ፍላድ በሚያዝያ 1859 ዓ.ም. ከንጉሡ ዘንድ ተመልሶ እስረኞቹ ካልተለቀቁ ጦር እንደሚመጣ ነገራቸው። በዚያው ወር የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሎርድ ስታንሊ የሦስት ወር ቀነ ገደብ ያለው የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ጻፈ። መልስ ስላልተገኘ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በነሐሴ 1859 ዓ.ም. ጦር እንዲላክ ወሰነ። በኅዳር 1860 ዓ.ም. ፓርላማው ተጠርቶ ገንዘቡን ፈቀደ። በመጀመሪያ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ይበቃል የተባለው ዘመቻ በመጨረሻ ወደ 9 ሚሊዮን የሚጠጋ አስወጣ። ጄኔራል ሰር ሮበርት ናፒየር 13,000 ያህል ወታደሮች፥ ከሕንድ የመጡ 44 ዝሆኖችና እጅግ ብዙ የጭነት ከብት ይዞ በዙላ ወረደ፤ ከወደቡም የባቡር ሐዲድ ዘረጋ። በየካቲት 1860 ዓ.ም. ከደጃዝማች ካሣ ጋር ተገናኝቶ ስንቅና መተላለፊያ አገኘ።

የጦርነቱን ታሪክ ብዙዎች ስለ ጻፉት አናስረዝመውም። የእኛን ጉዳይ የሚነካው የመጨረሻዎቹ አራት ቀናት ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፥ በዕለተ ስቅለት፥ በአሮጌ ሜዳ ወደ 700 የሚሆኑ ኢትዮጵያውያን ወደቁ። በማግሥቱ ንጉሡ ፕሪዶንና ፍላድን ለእርቅ ወደ ናፒየር ላኩ። ናፒየር አውሮጳውያኑ ሁሉ እንዲለቀቁና ንጉሡም እጃቸውን ለንግሥቲቱ እንዲሰጡ ጠየቀ፤ በክብር እንደሚያዙም ቃል ገባ። ንጉሡ እጄን አልሰጥም አሉ። ሆኖም በዚያው ማታ ራሳምንና ካሜሮንን ከብዙዎቹ ጋር ለቀቁ፤ የቀሩትም በማግሥቱ፥ በፋሲካ ዕለት፥ ከነሴቶቻቸውና ከነልጆቻቸው ወጡ።

በፋሲካው ዕለት ንጉሡ ለናፒየር ሰፈር ብዙ ላሞችና በጎች ላኩ። በአገራችን ሥርዓት እንዲህ ያለውን ስጦታ የተቀበለ ሰው እርቁን ተቀበለ ማለት ነው። ንጉሡም ስጦታቸው ተቀባይነት ያገኘ መስሏቸው ተጽናንተው ነበር። ናፒየር ግን የስጦታውን ትርጕም ሲረዳ ከብቶቹ ወደ ሰፈሩ እንዳይገቡ ከለከለ። ከ1855 ዓ.ም. ደብዳቤ የጀመረው አለመግባባት በዚህ ተፈጸመ። በሎንዶን የነገሥታት ወግ የሚጠይቀውን መልስ የሚጽፍ እንዳልተገኘ፥ በመቅደላም ሥር የአገሩን የእርቅ ቋንቋ የሚቀበል አልተገኘም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው ተደበደበ። ዐፄ ቴዎድሮስም እጃቸውን ከመስጠት ይልቅ በሽጉጥ ራሳቸውን ሠዉ፤ ሽጉጡ ከንግሥቲቱ በስጦታ የመጣላቸው መሆኑን የጻፉ አሉ። ዕለቱ ራሳም በዘጌ ከተያዘበት ቀን በሁለተኛው ዓመት ላይ ልክ ዋለ።

ልናስተውለው የሚገባን ነገር አምባው በተወረረበት ሰዓት የሚፈታ አንድም አውሮጳዊ እስረኛ እንዳልነበረ ነው። የዘመቻው የተነገረ ዓላማ ከአንድ ቀን በፊት ተፈጽሞ ነበር።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የተመለከትነውን ስንሰበስብ የእንግሊዝ መንግሥት ዜጎቹን ለማስፈታት አልጣረም ብለን መፍረድ አንችልም። ደብዳቤ ጽፏል፤ መልእክተኛ ልኳል፤ ሠራተኞችና መኪናዎች እስከ ምጽዋ አድርሷል። ያጠፋው ነገር ቢኖር እያንዳንዱን በጎ ነገር የጀመረው ጊዜው ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው። በ1855 ዓ.ም. አንድ ወረቀት ይበቃ ነበር፤ በ1858 ዓ.ም. ወረቀቱ ሲመጣ እርቅ አስፈለገ፤ በ1859 ዓ.ም. እርቁ ሲታሰብ መተማመን ጠፍቶ ነበር። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም እንደ ተባለው ሆነ። በንጉሡም በኩል ቢሆን መልእክተኛን ማሰራቸው ሊጠቅማቸው የሚችለውን የመጨረሻ ድልድይ በገዛ እጃቸው እንደ ማፍረስ ነበር። የአገር ፍቅራቸውንና ታላቅ አሳባቸውን የምናከብር እኛ ይህን ስሕተት ብንሸፍነው የታሪክ ተማሪዎች ልንባል አይገባንም።

ከዚህም ጋር ጸሐፊዎቹ ሁሉ በጥቂት መስመር የሚያልፉትን አንድ ነገር ሳናነሣ ልንዘጋ አንፈልግም። በመቅደላ አምባ ላይ ከአውሮጳውያኑ ብዙ ጊዜ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን እስረኞች ነበሩ። ስለ እነርሱ የጻፈ ቆንስል፥ የጮኸ ጋዜጣ፥ የተጠራ ፓርላማ አልነበረም። ሚያዝያ 2 ቀን 1860 ዓ.ም.፥ በጸሎተ ኀሙስ፥ ከእነዚህ ከፊሎቹ ተለቀቁ፤ ብዙዎቹ ግን በእስላምጌ ገደል ተወርውረው ሞቱ። የራሳምን የምሳ ዝርዝር ሳይቀር የምናውቅ ሰዎች የእነዚህን ስም አናውቅም። የመቅደላ እስረኞች በሚባልበት ጊዜ አስቀድሞ ሊታሰቡ የሚገባቸው እነርሱ ይመስሉናል።

ጦሩም ሲመለስ ባዶ እጁን አልሄደም። እስረኛ ሊያስፈታ የመጣ ሠራዊት የሰባት ዓመት ገደማ ሕፃን የሆነውን ልዑል ዓለማየሁን ይዞ ወጣ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ሞቱ። ልጁ በእንግሊዝ አገር አድጎ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ዐረፈ፤ በዊንድዘርም ተቀበረ። የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት የነበሩት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ በ1999 ዓ.ም. ገደማ ዐፅሙ እንዲመለስ ለንግሥት ኤልሳቤጥ ጥያቄ አቅርበው ነበር። በግንቦት 2015 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ሌሎቹን መቃብሮች ሳይነኩ ዐፅሙን ማውጣት እንደማይቻል አስታውቋል። እንግዲህ ከመቅደላ የተወሰደ አንድ ኢትዮጵያዊ ገና ወደ አገሩ አልተመለሰም፤ በሁለቱ መንግሥታት መካከል ያለውም መላላክ አልተዘጋም። ዛሬ ጠያቂዎቹ እኛ ነን፤ ደብዳቤው ከእኛ ወጥቷል።